ሰሌዳው ሲያነብ

ገርጂ፣ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሼ ሰይድ፣

ከገርጂ እስከ ሐይቅ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ሰላምታዬ ግን ሳይደክመው ይድረስዎ። እርስዎና እማ ሐሚዳ እንደምን ከርማችኋል? እኔ ከድካም በቀር ምንም አልሆንኩም፣ አልሐምዱሊላህ። ዘግይቼ ስለጻፍኩ ይቅር ይበሉኝ። ስልኩ እንደሆነ የእናንተ ኔትወርክ አንድ ቀን ሠርቶ ሳምንት ይተኛል። ሾፌሩ አያሌው ደግሞ "ደብዳቤ ካለሽ ቅዳሜ አውቶቡሱ ሳይነሣ አድርሺ" ይለኛል፤ እኔም ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ላይ ነኝ። ይህን ኻሊድ ያደርስልኛል። ኻሊድ ማለት ቤት ያከራየኝ ባለሱቅ ነው፤ ከሱቁ ጀርባ ነው የምኖረው፣ የወሎ ልጅ ነው።

በአያሌው በኩል ያስጠየቁኝ ደርሶኛል። አዎ ጋሼ፣ በቴሌቪዥን የሰማችሁት የኛ መሥሪያ ቤት ነው። አትላስ አካባቢ ባለ ሆቴል አዳራሽ ነው የተዋወቀው። "ሰሌዳ" ይባላል፤ እዚሁ አገር ውስጥ የሚገጣጠም ታብሌት ነው። የመማሪያ መጻሕፍቱ ሁሉ ውስጡ አሉ፣ ሽፋኑም በፀሐይ ቻርጅ ያደርጋል። ለእርስዎ የሚጠቅመው ግን ሌላው ነው። የታተመ ገጽ ከካሜራው ፊት ቢይዙለት ጮክ ብሎ በአማርኛ ያነብልዎታል።

ድምፁን የት ነው የማውቀው ብለው ከሆነ፣ የኔ ነው። እስከዛሬ ያልነገርኩዎ እስኪያልቅ አታውሩ ስለተባልን ነው። ከሰኔ ጀምሮ ቦሌ ባለው ቢሯችን፣ ግድግዳው ሁሉ ስፖንጅ በተለጠፈበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ዓረፍተ ነገር ሳነብ ከረምኩ። ማሽኑ ከዚያ ተማረ። ስለዚህ ድምፁ የኔ ይሁን እንጂ የማነበው እኔ አይደለሁም። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሙቀት አይነሣ። አለቃዬ ቢሩክ በየቃሉ ያስቆመኛል። እርስዎ ተማሪ ሲሳሳት መስመሩን እስኪጨርስ ዝም ብለው ይጠብቁ ነበር፤ እሱ ግን ገና አፌን ስከፍት "ከመጀመሪያው!" ይላል። ከሁሉ የሚያስቀው፣ ገጽ በገለጥኩ ቁጥር እንዳስለመዱኝ ቢስሚላህ እላለሁ። "ፈትያ፣ ማሽኑን ልታሰልሚው ነው እንዴ?" ብሎ ይስቃል። አንድ በአንድ ቆርጠው አውጥተውታል።

ሰዉ ስለ ሰሌዳ ሌላ ወሬ የለውም። ከመገናኛ ወደ ገርጂ በሚመጣው ታክሲ ውስጥ አንዲት እናት ሁለቱንም ልጆቿን ማስመዝገቧን ስትናገር ረዳቱ "መብራት ሲጠፋ ሻማም ያበራል አሉ!" አላት። ተሳፋሪው ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ኻሊድ እንኳን ሰሌዳን ስኳርንም ከመኪና ወርዶ ሱቁ ካልገባ አያምንም።

የት ነበርሽ፣ አላየንሽም ብለዋል። አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ፣ ከመድረኩ ጀርባ። ሥራ ላይ ስለነበርኩ ካሜራው አላገኘኝም።

ዳይሬክተሩ የጠየቀዎትን አያሌው ነግሮኛል። መንፈቁ ሲያልቅ ክፍልዎን ለሌላ መምህር አስረክበው ጡረታ ይወጣሉ ወይስ ይቀጥላሉ ነው ያለው። ጋሼ፣ እባክዎ እንዳያስረክቡ! ከጥር በኋላ ሰሌዳው መከፋፈል ይጀምራል ተብሏል፤ የመጀመሪያው የእርስዎ ይሆናል። ሙሉ ዕድሜዎን የቆሙበትን ክፍል ዓይኔ ደከመ ብለው ለማንም አይስጡ። ሐኪሙ ምን እንዳለዎትም ይጻፉልኝ።

ያሳደጓት ልጅዎ፣ ፈትያ


ሐይቅ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈትያ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ይህን በራሴ እጅ ነው የምጽፈው፣ በወፍራም ማርከር። መስመሩ ቢጣመም በማርከሩ ፍረጂ። ጎላ ያለ ፊደል መስኮት ሥር ሆኜ አሁንም እለያለሁ። የመጽሐፍና የደብተር ፊደል ግን ጉንዳን ሆኖብኛል።

ደሴ ሄጄ ነበር። ሐኪሙ ጠብታው እንዳይብስ ያደርጋል እንጂ የሄደውን አይመልስም ብሎኛል። ለሐሚዳ የነገርኳት "ጠብታ አዘዘልኝ" የሚለውን ብቻ ነው። አንቺም እዚያው ላይ አቁሚ።

ደብዳቤሽን ያነበበልኝ ገብረወልድ ነው፣ የታሪክ መምህሩ። ሲያንሾካሹክ እንኳ ግቢው ሁሉ እንደሚሰማው ታውቂያለሽ። መምህራን ማረፊያ ቁጭ ብሎ ሲያነብልኝ ሻይ የያዘው ሁሉ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ስለዚህ ለእኔ ብቻ የምትጽፊ እንዳይመስልሽ፤ አሁን የምትጽፊው ለትምህርት ቤቱ ነው።

የሒሳብ መምህሩ ደብተር ያርማል ወይ ብሎ ጠይቅልኝ ብሏል። የመስጊዳችን ኢማም ዐረብኛውን ይችለዋል ወይ ይላሉ። ሐሚዳ ደግሞ "ድምጿ የሚመጣ ከሆነ እሷ የማትመጣበት ምክንያት ምንድን ነው?" አለች። ገብረወልድ "ያልደረሰ ነገር ሁሉ ከጥር በኋላ ይደርሳል" እያለ ያሾፋል። በእጁ ካልዳሰሰው አያምንም። እኔ ልጅ ሆኜ የተማርኩት በእንጨት ሉህ ነበር። ጽፈን፣ ቁርአኑን ቀርተን፣ አጥበን፣ እንደገና እንጽፍበት ነበር። ሰሌዳ ሲሉኝ ትዝ ያለኝ እሱ ነው።

ሰሌዳው በቴሌቪዥን የታየ ቀን እኔም ሻይ ቤቱ ውስጥ ነበርኩ። ሌላው ሥዕሉን ሲያይ እኔ ድምፁን አዳመጥኩ። ሲያልቅ ሰዉ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቢስሚላህሽን ቆርጠው አውጥተውታል ብለሻል። ሁሉንም ነው? አንድ እንኳ ሳይታያቸው አልቀረም?

አጎትሽ ሰይድ


ገርጂ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ሰይድ፣ በማረፊያው ላላችሁ መምህራንም ሁሉ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ጋሼ ገብረወልድ፣ ለእርስዎም ሰላምታዬ ይድረስዎ፤ እባክዎ ዝግ ብለው ያንብቡልኝ።

ለሒሳብ መምህሩ፣ ደብተር አያርምም። ለኢማሙ፣ ዐረብኛ አይችልም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለእማ ሐሚዳ፣ ለበዓል ሳልመጣ የቀረሁት እስካሁን እንደከበደኝ አለ።

ጋሼ፣ የጠየቁኝን በተመለከተ፣ አንድም አልቀረም። ሁሉም ተቆርጧል። ማሽን ያልተሰጠውን ከየት ያመጣል?

ቢሯችን በር ላይ በየጠዋቱ ሰው አለ። "መቼ ነው?" ይላሉ። እኛም "በቅርቡ" እንላለን። በፊት ከጥር በኋላ ነበር የምንለው፤ አሁን "በቅርቡ" በሉ ተብለናል። አንድ ሽማግሌ ከየካ በእግራቸው መጥተው ዓይነ ስውር ለሆነች ሚስታቸው ይሆን እንደሆነ ጠየቁኝ። "ይሆናል" አልኳቸው። መርቀውኝ ሄዱ፤ ምርቃታቸው እስካሁን ከብዶኛል። ስልክ ላይ ደግሞ የሚጻፈውን ለማንበብ ጊዜም አቅምም የለኝም። ግማሹ ከውጭ የመጣ ዕቃ ላይ ወረቀት ለጥፈውበት ነው ይላል፤ ግማሹ ሐሳብ ያነባል ብሏል። አራዶች ደግሞ "የተስፋ ሰሌዳ" የሚል ስም አውጥተውልናል።

ባለፈው ሳምንት ለሚ ኩራ ወዳለው መገጣጠሚያ ወሰዱን። ሕንፃው አዲስ ነው፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ገና ቀለም ቀለም ይሸታል። ዙሪያው ሁሉ ግንባታ ስለሆነ በአቧራ ታጥበን ተመለስን። ስለ ማሽኖቹ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

ለዳይሬክተሩ ምን አሉት? እስከ መንፈቁ የቀረው ጥቂት ነው። ጋሼ፣ ይታገሡ፤ እኔ እዚህ ያለሁት ለዚያ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሲመርረኝ የምጽናናው እርስዎ ክፍልዎ ውስጥ ቆመው ሳስብዎት ነው።

ፈትያ


ሐይቅ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፈትያ ልጄ፣

ብርዱ በርትቷል፤ እኛ ደህና ነን። ለዳይሬክተሩ የሚገባውን መልስ ሰጥቼዋለሁ። ያ ጉዳይ ስላለቀ አታስቢበት።

ደብዳቤሽ ደክሞታል። ገብረወልድ በዚያ ጉሮሮው እየጮኸ ሲያነበው እንኳ ድካምሽ ተሰማኝ። በአያሌው እጅ አንድ ማርከር ልኬልሻለሁ፤ የኔው ዓይነት ነው። ለብቻዬ የምትነግሪኝ ነገር ካለሽ በሱ ጻፊው፣ በትልቁ። ለገብረወልድ ሳልሰጥ ራሴ አነበዋለሁ። ከሌለሽ ደግሞ ለኻሊድ ልጆች ስጪያቸው፣ ግድግዳ ይሞነጫጭሩበት።

አልቸኩልም።

ሰይድ


ገርጂ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ማርከሩ ለኻሊድ ልጆች አልደረሳቸውም።

ይህን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ። በትልቁ ሲጻፍ አንድ ገጽ ላይ የሚገባው ጥቂት ነው፤ ዙሪያውን ለመሄድ ቦታ አይሰጥም። ስለዚህ ልንገርዎ።

አትላስ አዳራሹ ውስጥ ያነበበው ሰሌዳው አይደለም። እኔ ነኝ።

ከመጋረጃው ጀርባ ወንበር ሰጡኝ። ፊቴ ስክሪን አለ። ቢሩክ መድረኩ ላይ ገጽ ሲይዝ ስክሪኑ ላይ ይታየኛል፤ በማይክ አነባለሁ። ሰዉ ማሽኑ ያነበበ መሰለው።

ዋዜማውን ማሽኑን ሞክረነው ነበር። አንዱን መስመር ሳይጨርስ ሻይ ይቀዘቅዛል። "መምህር" የሚለውን እንኳ አይጨርሰውም፣ ይንተባተባል። ቢሩክ ራሱን ይዞ ቁጭ አለ። ከዚያ "ለነገ ብቻ፣ ፈትዬ፤ እስከ ጥር ይስተካከላል" አለኝ። አመንኩት። ጋሼ፣ ማመን ስለፈለግኩ አመንኩት። እርስዎ ክፍልዎ ውስጥ እንዲቆዩ ፈልጌ ነበር።

ሲያጨበጭቡ መጋረጃው ተንቀጠቀጠ። እኔ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው ብለው ሳሙኝ።

ለሚ ኩራ ያለው አዳራሽ ባዶ ነው። ጥግ ላይ ጥቂት ካርቶን አለ፤ ከዚያ ውጭ ጥበቃውና ውሻው ናቸው። መሐንዲሶቹ ገንዘብ ከተገኘ ሁለት ዓመት ይፈጃል ይላሉ። ቢሩክ ክፉ ሰው አይደለም። እሱም ቤቱን አስይዞበታል፤ ከስቷል። ግን ሁላችንም እየዋሸን ነው፤ እኔ ደግሞ በድምፄ።

አሁን ሁለተኛ ዝግጅት አለ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እዚያው አትላስ። ለትምህርት ቤቶች ይገዙ እንደሆነ የሚወስኑ ሰዎች ይመጣሉ። ተመልሼ መጋረጃው ጀርባ እንድቀመጥ ጠይቀውኛል። እምቢ ካልኩ ሥራው የለም።

ጋሼ፣ ክፍልዎን በኔ ቃል ይዘውት ከሆነ ዛሬውኑ ያስረክቡ። መንፈቁ ሳያልቅ ጡረታዎን ይጠይቁ። እኔን አምነው ዳይሬክተሩ ፊት ሲያፍሩ ማየት አልችልም። "ሁሉም ተቆርጧል" ብዬ የጻፍኩልዎን ያስታውሳሉ? እሱ እውነት ነው፤ ከመጋረጃው ጀርባ ማንበቤን ግን ደበቅኩዎ።

ምን ላድርግ? ይቅር ይበሉኝ።

ፈትያ


ሐይቅ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ፈትያ፣

ደብዳቤሽን ብቻዬን አነበብኩት። መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ከቀትር እስከ ዐሥር ሰዓት ፈጀብኝ። ሐሚዳ ሁለት ጊዜ መጥታ "ምን አለች?" ብትለኝ "ትመጣለች" አልኳት። ይህን እውነት ማድረግ ያንቺ ፋንታ ነው።

ክፍሌን አስረክቤያለሁ። የመጀመሪያው ደብዳቤሽ በደረሰ ሳምንት ነው ያስረከብኩት። የማስተምረውን አማርኛ ገብረወልድ ደርቦ ይዞታል፤ ልጆቹን ያደነቁራቸዋል እንጂ ደህና ያስተምራል። እኔ ማረፊያው የምሄደው ደብዳቤሽ ሲመጣ ብቻ ነው። እንግዲህ አንቺን አምኜ ያጣሁት ነገር የለም፤ በዚህ አታልቅሺ።

እንዴት አወቁ ትዪኛለሽ። ሰሌዳው ሲያነብ ሻይ ቤቱ ጸጥ አለ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ምንም አልጠረጠርኩም፤ ድምፅሽን የሚመስል ድምፅ ነው አልኩ። ሰውየው ገጹን ሲገልጥ ግን ሰማሁት፣ ከትንፋሽ ትንሽ ከፍ ብሎ። ቢስሚላህ። አጠገቤ ያለው ሰው ማይኩ የተንኮሻኮሸ መስሎታል። እኔ ግን ስድስት ዓመትሽ ሳለ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ያስለመድኩሽን እንዴት አጣዋለሁ? ያኔም ቢሆን ልቤ በሁለት ሐሳብ ነበር። ከዚያ ደብዳቤሽ መጣና ገብረወልድ "አንድ በአንድ ቆርጠው አውጥተውታል" የሚለውን ሲያነብ ነገሩ አለቀልኝ። ማሽኑ ውስጥ ከሌለ፣ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ነው። በበነጋው ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄድኩ።

ለምን አልነገሩኝም ብለሽ እንዳትቆጪኝ። አንባቢን መሃል ላይ አላቋርጥም፤ አንቺው ጽፈሽዋል። እስኪጨርስ ከጠበቁት ብዙውን ጊዜ ስሕተቱን ራሱ ያየዋል፣ ይመለሳል። ያንቺ መስመር ረዘመ፤ ማርከር እስከ መላክ አደረሰኝ። ግን ተመለስሽ። ተቀይሜሽ ነበር፣ አልዋሽሽም። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ግን ቅያሜው የለም።

ክፍሌን ሳስረክብ ከፋኝ። ጠዋት ደወሉ ሲደወል እግሬ ሳላዝዘው ይነሣል፤ ሐሚዳ "አረፍ በል እንጂ" ትለኛለች። ደክሞኛል ፈትያ። ሰዉም ደክሞታል፤ በየዓመቱ አንድ የሚያድነው ዕቃ ይነገረዋል፣ ይጠብቃል። ኢማሙ አሁንም ይጠይቁኛል። "በቅርቡ" ማለት አልሆነልኝም፤ "እንጃ" እላቸዋለሁ።

ስለ ሁለተኛው ዝግጅት ምን ላድርግ ብለሻል። ኪራይ እንዳለብሽ፣ ሌላ ሥራ በቀላሉ እንደማይገኝ አውቃለሁ። ስለዚህ አድርጊ፣ አታድርጊ አልልሽም። አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። ከመጋረጃ ጀርባ የምታነቢ ከሆነ ቢስሚላህ አትበይበት። በተሸፈነ ነገር ላይ የአላህ ስም አይጠራም። እሱን ትተሽ ማንበብ ከቻልሽ አንብቢ።

ደግሞ ያን ቀን አጨበጨብኩ ብዬሽ ነበር። ሻይ ቤቱ በሙሉ ለማሽኑ አጨበጨበ። እኔ ስታነቢ ከሰማሁሽ ስንት ጊዜዬ ነው፤ ለማን እንደማጨበጭብ አውቅ ነበር።

አጎትሽ ሰይድ


ገርጂ፣ ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ይህም በማርከሩ ነው፤ ሊያልቅ ስለሆነ አሳጥራለሁ።

ዝግጅቱ ትናንት ነበር። አልሄድም ለማለት አቅም አጣሁ፤ ሄጄ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። መጋረጃው ያው ነው።

ገጹ ስክሪኑ ላይ መጣ። ማይኩ ተከፈተ። ያሉኝን አሰብኩና ያለ ቢስሚላህ ልጀምር ብዬ አፌን ከፈትኩ። የመጀመሪያዋ ቃል ቀላል ነበረች፤ አልወጣችልኝም። ደግሜ ሞከርኩ። ቢሩክ ገጹን ለወጠ። የዚያኛውም አልወጣልኝም።

አዳራሹ ጠበቀ። ሰሌዳው ዝም አለ።

ማይኩን አጥፍቼ በጓሮ በር ወጣሁ። ቢሩክ ተከትሎኝ መጣ። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ ደረጃው ላይ ቁጭ አለና "ተገላገልኩ" አለኝ። ከዚያ በኋላ ምን እንደነገራቸው አላውቅም። ዛሬ ጠዋት ቢሮው በር ላይ የቆሙትን የየካውን ሽማግሌ ሳገኛቸው ግን እውነቱን ነገርኳቸው። ምርቃታቸውን መልሰው አልወሰዱብኝም፤ አዝነው ብቻ ሄዱ።

ኻሊድ ዕቃዬን ሱቁ ውስጥ አኖርልሻለሁ ብሏል። ደብዳቤው ይቅደመኝ፤ እኔ የአያሌውን አውቶቡስ በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት እይዛለሁ። እማ ሐሚዳን አልዋሹዋትም።

ለጋሼ ገብረወልድ ሥራ ቀነሰላቸው ይበሉልኝ። ከየትኛው መጽሐፍ እንደምንጀምር እርስዎ ይምረጡ።

ፈትያ